ግማሽ የተሰማ ትዕዛዝ

ፒክአፑ የአታትን ከተማ ወደ ኋላ ትቶ ዳገቱን ሲያያዘው ጎማው በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ እንሰቱ ያዘነብል ጀመር። መቶ አለቃ ባሂራ በግራ እጇ የበሩን እጀታ ጨብጣለች፤ በቀኟ ከካፖርቷ ሥር የሸጎጠችውን የላስቲክ ማኅደር ደረቷ ላይ ተጭናለች። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ሁለት ገጽ የዘመቻ ትዕዛዝ ነው። ከወልቂጤ ሲነሱ ሻለቃ ቴዎድሮስ መኪናው መስኮት ድረስ መጥቶ፣ ዝናቡ ከኮፍያው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ «ሙስተፋ እጅ ሳይገባ የትም እንዳትቆሙ» ብሏታል።

«ይህ መንገድ እንኳን በክረምት፣ በበጋም አይወደኝ» አለ አስር አለቃ ይታገሱ ማርሽ እየቀነሰ።

ይታገሱ የቡኢ ሰው ነው። ወታደር ከመሆኑ በፊት ከቡታጅራ አዲስ አበባ አይሱዙ ሲያመላልስ የኖረ፣ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ዝም ማለት የማይችል ሾፌር። ፍልሰታ ስለሆነ እህል አልቀመሰም፤ ስለ ምግብ ማውራት ግን አላቆመም። ባሂራ አልፎ አልፎ «እ» ትለዋለች እንጂ አታዳምጠውም። ልቧ ያለው ከተራራው ማዶ ነው።

ጊዜው ነሐሴ 2013 ነበር። አብዛኛው ጦር ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያለውን አገር የሚጠብቀው አንድ የሳሳ ሻለቃ ጦር ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ያዩ መንገድ ዘራፊዎች ተራራውን ቤታቸው አደረጉት። መጀመሪያ ከብት ነዱ፤ ቀጥለው የጭነት መኪና አስቆሙ። በመጨረሻ የክትባት መድኃኒት የጫነች መኪና ላይ ወጥተው ነርሷን ፍቅርአዲስንና ሾፌሩን ዑመይርን ሸሆራ ወደምትባል የደጋ መንደር ይዘዋቸው ገቡ። የታሰረ ጓዳቸው ካልተፈታ ሁለቱንም እንደሚገድሉ መልእክት ላኩ። የሻምበል ሙስተፋ ጦር ከቡታጅራ በኩል ወጥቶ ከመንደሩ በላይ ያለውን ገዢ መሬት ይዟል፤ ሌላ ጦር ከወልቂጤ በኩል የሚያስወጣውን መንገድ ዘግቷል። ሙስተፋ ግን እስካሁን የያዘው የቃል ትዕዛዝ ብቻ ነው፤ ቦታህን ያዝ፣ ዝርዝሩ ይደርስሃል የሚል። ዝርዝሩ ባሂራ ደረት ላይ ነው።

ዝርዝሩ ያለቀው ብዙ ወረቀት ከተቀደደ በኋላ ነበር። መምሪያው ባረፈበት ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ሻለቃ ቴዎድሮስ ቆሞ ይናገራል፣ ባሂራ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። የዘመቻ መኮንኑ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ የእሱ ሥራ በእሷ ላይ ወድቋል። ሻለቃው ሌላው ነገር ላይ ግልፍተኛ ነው፤ ትዕዛዝ ሲያጽፍ ግን ቅዳሴ እንደሚመራ ቄስ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ንክች አያደርግም። መጀመሪያ ሁኔታ ይባላል፤ ጠላት የት ነው፣ ወገን የት ነው፣ መሬቱና አየሩ ምን ይመስላል። ከዚያ ግዳጅ። ግዳጁ እንዴት እንደሚፈጸም የሚዘረዝረው አፈጻጸም ይከተላል። ስንቁና ቁስለኛው በአራተኛ ይመጣሉ። መጨረሻው እዝና ግንኙነት ነው፤ ማን ማንን ያዛል፣ በምን ይገናኛል።

ግዳጁ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን» አላት። «አምስቱም አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባሉ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ‘ለምን’ የሚለውን ነው። እኔ አጠገቡ የሌለሁ ቀን ሙስተፋን የሚረዳው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ጻፊ። የሻምበል ሙስተፋ ጦር፣ ሸሆራ ላይ የመሸገውን ቡድን ደምስሶ ታጋቾቹን ያስለቅቃል።»

የባሂራ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ምነው?»

«ታጋቾቹ ያሉት ከሰዎቹ መካከል ነው፣ ሻለቃ። ደምስሶ ማስለቀቅ እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም።»

«‘ደምስስ’ ከላይ የመጣ ቃል ነው። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።»

«ገብቶኛል። ግን ሙስተፋ ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? መጀመሪያ የቱን?»

ሻለቃው አፈጠጠባት። እሷም አንገቷን ደፋች። ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ሲደበድበው ቆየ። በመጨረሻ «ቅደጂው» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም። «እንዲህ በዪው። ታጋቾቹን በሕይወት ለማስለቀቅ ሸሆራን ከቦ ይይዛል። ታጋቾቹ ያሉበት ቦታ ሳይረጋገጥ ወደ መንደሩ አይተኮስም። ወደ መንደሩ የሚገባው ሲታዘዝ ነው፤ ምስጢር ቃሉ ‘ዘቢዳር’ ይሁን።» ፈረመበት። ማኅተሙን አሳረፈበት።

እንግዲህ ባሂራ ደረቷ ላይ የያዘችው ይህንን ነው። ከፊሉ በእሷ ጥያቄ የተለወጠ መሆኑ ኩራትም ፍርሃትም ሆኖባታል።

ስልኳ የጮኸው ዳገቱ መሃል ላይ ነበር። ስክሪኑ ላይ የሻለቃው ቁጥር ነው።

«አቤት፣ ሻለቃ!»

መጀመሪያ የመጣው ጩኸት ነው፤ የጋለ ዘይት ላይ ውኃ ጠብ ሲል የሚሰማ ዓይነት። ከዚያ የሻለቃው ድምፅ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ተቆራርጦ ደረሰ።

«ባሂራ… ለሙስተፋ… መረጃ… ታጋቾቹን…»

«አይሰማም ሻለቃ! ይድገሙልኝ!»

«…ጠብቁ! …ግቡ! ሰማሽ? …ጠብቁ፣ …ግቡ በዪው!»

ጠፋ። ደወለች፤ አይሠራም። መስኮቱን ከፍታ እጇን ወደ ዝናቡ ዘረጋች። ስልኩ ላይ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቅ ብላ ተመልሳ ሞተች።

ይታገሱ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመው። «ምን አሉ?»

ባሂራ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጆሮዋ ውስጥ ያለውን ድምፅ አንድ በአንድ ልታነሳው ሞከረች። «ጠብቁ፣ አትግቡ» ነው ያለው? ወይስ «አትጠብቁ፣ ግቡ»? የቃሉ ጅራት ደርሷታል፤ ራሱ ግን ተራራው ላይ ቀርቷል። ሁለቱም እኩል ልክ ናቸው። አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው።

«አንተ ምን ሰማህ?» አለችው።

«እኔማ የሰማሁት ‘ግቡ’ ነው። ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር እኮ።»

«ከ‘ግቡ’ በፊትስ? ‘አት’ የሚል አልሰማህም?»

ይታገሱ ግንባሩን ቋጠረ። «ግቡ ነው። ቆጣ ብለው ነው ያሉት። ሰው ጠብቁ ለማለት ይቆጣል እንዴ?»

«ኔትወርክ ስለሌለ ነዋ የጮኸው!»

«እሱም አለ» አለ ይታገሱ። «ወደ አታት እንመለስና እንደውል?»

ባሂራ ወደ ኋላ ዞራ የወጡትን ዳገት አየች። ጭቃው ላይ የራሳቸው ጎማ የጣለው መስመር አሁንም በውኃ እየሞላ ነው። ለመመለስ፣ ደውሎ እንደገና ለመውጣት፣ ያውም ከወጣ፣ ቀኑ ያልቃል። የተባለው «አትጠብቁ» ከሆነ ደግሞ ሁለት ሰዎች እስከዚያ አይቆዩም።

«ንዳ» አለችው። «ሻምበሉ ሬዲዮ አለው።»

ሬዲዮውን ስታየው ግን ተስፋዋ ወዲያው ሟሸሸ። ሻምበል ሙስተፋ የሰፈረው ጉም በዋጠው ሸንተረር ላይ፣ በአንድ የተተወ ጎጆ ውስጥ ነው። የሬዲዮ ሠራተኛው ኮዳን ሬዲዮውን ፈትቶ በፎጣ ይጠርጋል። ሌሊት የነፈሰው ነፋስ አንቴናውን ሰብሮት ከጠዋት ጀምሮ ከወልቂጤ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የእንሴኖ ልጅ!» አለ ሙስተፋ። አጭር፣ ደንዳና፣ የቡታጅራ ሰው ነው፤ ጦርነት ላይም ሆኖ ከሰው ጋር መቀለድ አይተውም።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሻምበል።» ማኅደሩን ሰጠችው። ወረቀቱን አውጥቶ ቆሞ አነበበ። ግዳጁ ጋ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው።

«ጎበዝ። ይህ የሚገባ ትዕዛዝ ነው።»

«ሌላም አለ» አለች ባሂራ።

ነገረችው። ድምፁን እንደሰማችው፣ ቁርጥራጩን ሳትሞላ ነገረችው። የሙስተፋ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችለት።

«ታዲያ የቱ ነው? ግቡ ነው፣ አትግቡ?»

«አላውቅም፣ ሻምበል።»

«አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ከሰውየው ጋር ያወራሽው አንቺ ነሽ!»

«ግቡ ነው ሻምበል» አለ ይታገሱ ከበሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

ሙስተፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። ከጎጆው ወጣ፤ ባሂራም ተከተለችው። ከሸንተረሩ በታች መንደሩ መኖር አለበት። የሚታየው ግን ነጭ ነገር ብቻ ነው። አንዳንዴ ጉሙ ሲሳሳ የእንሰት ቅጠል፣ የሣር ክዳን ጫፍ ይታይና መልሶ ይሸፈናል። መትረየስ ተኳሾቹ አፈሙዛቸውን ወደማያዩት ነገር ደግነው ተኝተዋል።

«ቃኚዎቼ ጠዋት ሁለት ሰዎች በወንዙ በኩል ወደ መንደሩ ሲገቡ አይተዋል» አለ ሙስተፋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማን እንደሆኑ አልለዩም። ረዳት መጥቶላቸው ይሆናል። ወይ ታጋቾቹን ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩ ይሆናል። ሻለቃውም ይህን ሰምቶ ከሆነ ‘አትጠብቁ፣ ግቡ’ ማለቱ ነው። ይመስላል አይደል?»

«ይመስላል።»

«ደግሞ ከላይ ድርድር ተጀምሮ ከሆነ ‘ጠብቁ፣ አትግቡ’ ማለቱ ነው። ይህም ይመስላል።»

«ይህም ይመስላል።»

«ያ አላህ!» አለና ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እይ ባሂራ። ጠዋት ሰውየው አጠገብ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ፊቱን ታውቂዋለሽ፣ ሐሳቡን ታውቂዋለሽ። አንቺ ‘ግቡ’ ነው ካልሽኝ አሁኑኑ እገባለሁ። ‘አትግቡ’ ነው ካልሽኝ እዚሁ እተኛለሁ። አንዱን በይኝ።»

 አንዱን ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ባሂራ ኋላም ሁልጊዜ ታስታውሰው ነበር። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ይታገሱ እርግጠኛ ነው፤ ድምፁም የቁጣ ይመስል ነበር፤ ደግሞ የገቡት ሁለት ሰዎች አሉ። ሁሉም ወደ «ግቡ» ያደላል። «ግቡ» ብትል ቢያንስ ይህ ጭንቅ ያበቃል፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይሄዳል። ግን ቃሉን ልታወጣው ስትል ያ የተቆረጠ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣል፤ ከ«ግቡ» በፊት ያለችው ባዶ ቦታ ትመጣለች።

«የሰማሁት ይህንኑ ብቻ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከዚህ አንዲት ፊደል ብጨምርበት የእሱ ትዕዛዝ መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል። እኔ ደግሞ እርስዎን የማዝበት ሥልጣን የለኝም።»

ሙስተፋ ተቆጣ፤ ፊቱ ላይ አየችው።   ወረቀቱን እንደገና አወጣና ጣቱን የመጨረሻው ክፍል ላይ አሳረፈ።

«ለውጥ የሚተላለፈው በጽሑፍ ወይም በሬዲዮ በምስጢር ቃል ነው ይላል። ‘ዘቢዳር’ ብሏል?»

«የሰማሁት ውስጥ የለም።»

«ሳይሰማ የቀረው ውስጥስ?»

«እሱን አላውቅም።»

«አዎ፣ አታውቂም» አለ፤ አሁን ቁጣው ወጥቶለታል። ወደ ላይኛው ገጽ ተመለሰና ጮክ ብሎ አነበበ፤ «‘ታጋቾቹን በሕይወት ለማስለቀቅ።’ ይህን ማንም አልሰረዘውም። ግቡም ይሁን አትግቡ፣ ሰውየው የሚፈልገው ይህንን ነው። ስለዚህ አልገባም፤ ግን እዚህም አልተኛም። እንሰቱ ጠርዝ ድረስ እወርዳለሁ። በዓይኔ አያለሁ። መግባት ካለብኝ ቅርብ እሆናለሁ፤ መጠበቅ ካለብኝም እጠብቃለሁ።» ወደ መቶ መሪዎቹ ዞረ። «እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ‘ተኩስ’ ካላልኩ ጣቱን ቃታ ላይ የሚያሳርፍ እንዳይኖር! ጠላት ቢያይም! ወላሂ፣ የሚተኩሰውን እኔ ነኝ የምጠይቀው!»

ባሂራ አብራው ወረደች። «ከጎኔ አትራቂ፤ የሚሆነውን አይቶ ኋላ የሚመሰክር ሰው ያስፈልጋል» ብሏት ነበር። ሣሩ እስከ ጉልበቷ ድረስ አረጠባት። የራሷ እስትንፋስ ከሌላው ሰው እስትንፋስ አልለይ አላት። ከግራዋ የነበረው ወታደር ጉሙ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል። ወደ ታች እየሄዱ እንደሆነ የምታውቀው እግሯ ስለሚንሸራተት ብቻ ነው።

ወንዙን ተሻግረው እንሰቱ ጠርዝ ላይ በደረታቸው ተኙ። መንደሩ ዝም ብሏል። ውሻ እንኳ አልጮኸም። ባሂራ ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ ልታውቅ አልቻለችም። ሰዎቹ ሸሽተው ይሆን? ወይስ አድፍጠው እየጠበቋቸው? ወይስ ነገሩ አብቅቶ፣ ሁለቱ ሰዎች የሆነ ጓሮ ውስጥ ወድቀው፣ እኛ በስተመጨረሻ የመጣን ነን? የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ አለች በልቧ፤ «ግቡ» ብዬ ቢሆን ኖሮ።

ከዚያ የእግር ድምፅ መጣ።

መጀመሪያ አንድ ጥቁር ነገር ከጉሙ ብቅ አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻ በላይ የወጣ፣ እንደ አፈሙዝ ያለ ነገር ተሸክሟል። ከኋላው ሌላ። ከኋላው ደግሞ ረጅም የወታደር ካፖርት የለበሰ ሰው፣ አንድ ሰው ትከሻው ላይ ተደግፎት ወይም እየተጎተተ ይመጣል። ከባሂራ ቀጥሎ የተኛው መትረየስ ተኳሽ ትከሻው ጠበቅ ሲል፣ ጉንጩን ወደ ሰደፉ ሲያስጠጋ አየችው።

«እንዳትተኩስ» አለ ሙስተፋ በሹክሹክታ። «እንዳትተኩስ፣ እንዳትተኩስ…»

ጥቁሩ ነገር ቀረበ። ጃንጥላ ነበር። የታጠፈ ጃንጥላ። የያዙት ነጭ ጢም ያላቸው፣ ቆባቸው በዝናብ የራሰ አዛውንት ናቸው። ከኋላቸው ያሉት ጋቢያቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው በዱላ የሚራመዱ ሌላ ሽማግሌ ናቸው። ካፖርት የለበሰው ሰው ወንድ አልነበረም፤ ሴት ናት። ትከሻዋ ላይ የተደገፋት ሰው አንድ እግሩን ይጎትታል።

ሙስተፋ ከተኛበት ተነሳ። «ሼህ አብዱልሃፊዝ!» አለ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ።

አዛውንቱ ባሉበት ደርቀው ቆሙ። የተኙትን ወታደሮች፣ መትረየሱን፣ ሙስተፋን አዩ። ደስ ያላቸው አይመስሉም፤ ይልቁንም ፊታቸው አመድ ሆነ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ? ማን ጠራችሁ?» አሉ። «እኛ ቃል ገብተናል! ወንዙን እስክንሻገር ወታደር ድርሽ አይልም ብለን በአላህ ምለናል! ከኋላችን እያዩን ነው እኮ!»

ያን ጊዜ ነው ተኩሱ የተሰማው። አንድ ጥይት። ከየት እንደተተኮሰ፣ ማን እንደተኮሰው፣ ወዴት እንደሄደ ማንም አላወቀም። ሁሉም መሬት ላይ ወደቀ። ባሂራ ፊቷን ጭቃው ውስጥ ቀብራ የሚቀጥለውን ጥይት ጠበቀች። ሙስተፋ «አትተኩሱ! አትተኩሱ!» እያለ ይጮሃል፤ ይህ «አት» ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ብቻ አልወደቁም። አቶ ባዩ ይባላሉ፤ ቡታጅራ ሱቅ ያላቸው፣ ከሼሁ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት በወንዙ በኩል ሲገቡ የታዩት ሁለቱ እነሱ ነበሩ። ወደመጡበት ዞረው፣ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ ወደ ጉሙ ውስጥ በጉራግኛ ይጮኹ ጀመር። ባሂራ ከቃላቸው የያዘችው የአንድ ሰው ስም ደጋግመው ሲጠሩ ነው። ቆጣ ብሎ እንደሚጣራ አጎት ነበር የሚጣሩት። በኋላ እንደሰማችው በእርግጥም አጎቱ ነበሩ፤ ከታጣቂዎቹ አንዱ የእህታቸው ልጅ ነው።

ሁለተኛ ጥይት አልመጣም።

«ቀስ ብላችሁ፣ ወደ ኋላ» አለ ሙስተፋ። «ጀርባችሁን ሳትሰጡ። ሼህ፣ ይምሩን። ወንዙን እስክትሻገሩ የእኔ ሰው አይተኩስም። ቃልዎ ቃሌ ነው።»

ወንዙን ሲሻገሩ ባሂራ የዑመይርን ሌላ ክንድ ያዘችለት። ሾፌሩ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ በየእርምጃው «ኧረ አላህ» ይላል።  ነርሷ የለበሰችው ካፖርት የዘራፊ ነው፤ ከሰውነቷ ሦስት እጥፍ ይሰፋል።

ስልኩ ሲቋረጥበት ከወልቂጤ የተነሳው ሻለቃ ቴዎድሮስ ሸንተረሩ ላይ የደረሰው ጉሙ መነሳት ሲጀምር ነው። መኪናው ሳይቆም ነው የወረደው ማለት ይቻላል። ታጋቾቹን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ እንደ ሰከረ ሰው ዞር ዞር አለ። ከዚያ ባሂራን ወደ ጎጆው ጀርባ ጠራት።

«ስልኩ ላይ ምን ሰማሽ?»

«‘ጠብቁ’ እና ‘ግቡ’ የሚለውን፣ ሻለቃ። የፊቱ አልተሰማኝም።»

«ለሙስተፋ ምን አልሽው?»

«ይህንኑ። አላውቅም አልኩት። ምን ነበር ያሉት?»

ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ሲያሽከረክር ቆየ።

«‘አትጠብቁ፣ ግቡ’ ነበር ያልኩት» አለ።

ባሂራ ቀና ብላ አየችው።

«ከመንደሩ ሰው ተደውሎ ነበር። ሴትዮዋንና ሾፌሩን ከቤት አውጥተው ወደ እንሰቱ እየወሰዷቸው ነው፣ ሊገድሏቸው ነው የሚል። ሰውየው አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ሲወጡ ነው ያየው። ከሽማግሌ ጋር መሆናቸውን አላየም።» ወደ እንሰቱ ተመለከተ። «እኔም አመንኩት። እዚያው ወረወርኩት ቃሉን። ጠዋት አንቺን ምን እንዳስጻፍኩሽ እንኳ አልመጣልኝም።»

«ልለው ነበር፣ ሻለቃ» አለች ባሂራ። «‘ግቡ’ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ሻለቃው ኮፍያውን መልሶ ደፋ። ጥቂት ወጣ ብሎ ዝናቡ ካባራ ወዲህ ኔትወርክ ብቅ ባለበት ድንጋይ ላይ ወጣና ደወለ። ነፋሱ ድምፁን ያመጣላት ነበር። «ታጋቾቹ በሕይወት አሉ… አይ፣ ቡድኑ አልተደመሰሰም… ወደ ገደሉ ወርደዋል… አዎ ጌታዬ፣ ከእኛ በኩል አልተተኮሰም… ኃላፊነቱ የእኔ ነው… የሻምበሉ አይደለም፣ የእኔ ነው።» ከዚያ ረጅም ጊዜ እያዳመጠ ቆመ። ሲወርድ ሼሁንና አቶ ባዩን እጅ ነሣና መኪናው ውስጥ ገባ። በማግሥቱ አዲስ አበባ ተጠርቶ እንደሄደ ሰሙ፤ ወደ ወልቂጤ አልተመለሰም።

ታጋቾቹን ቡታጅራ ያወረደቻቸው ባሂራ ናት። ይታገሱ ይነዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘግቷል። ዑመይር ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ፍቅርአዲስ ከባሂራ አጠገብ ተቀምጣ ካፖርቱን አላወልቅ ብላለች። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ በድንገት ተናገረች።

«ከወንዙ ማዶ የተኛችሁት መቼ ነው?»

«ከመምጣታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ» አለች ባሂራ።

«ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ታገኙን ነበር። ዑመይር መራመድ አቅቶት እንሰቱ መሃል ቁጭ ብለን ነበር። ሽማግሌዎቹ ውኃ ሲያጠጡት። እነዚያ ልጆች ደግሞ ዙሪያችንን ከበው ቆመዋል፤ ጠመንጃቸውን እንደያዙ። እኔ ካፖርት ለብሻለሁ። እኛን ከእነሱ የሚለየን ምንም ነገር አልነበረም።» ወደ ባሂራ ዞረች። «እንዴት ቀስ ብላችሁ መምጣት እንዳለባችሁ አወቃችሁ?»

ባሂራ ልትመልስላት ፈለገች። አላወቅንም፤ ምንም አላወቅንም፤ ባለማወቃችን ነው የተረፋችሁት ልትላት ፈለገች። ግን እንሰቱ ታያት፤ መትረየሱ ወደዚያው ደግኖ እንደነበር ታያት። 

«አቁመው» አለች ይታገሱን።

«እዚህ?»

«አቁመው!»

መኪናው በወጉ ሳይቆም በሩን ከፍታ ወረደች። መንገዱ ዳር ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች፤ ጠዋት የበላችው ሁሉ ወጣ። ካባራ በኋላም መንቀጥቀጡ አልተዋትም። ጥርሶቿ ይንገጫገጫሉ። ታች ቡታጅራ በዝናብ በታጠበ ቆርቆሮዋ ታበራለች፤ የሆነ ቦታ አዛን ይሰማል።

ከኋላዋ በሩ ተከፈተ። ፍቅርአዲስ ወረደች። ያንን ትልቅ ካፖርት አውልቃ ባሂራ ትከሻ ላይ ጣለችላት፤ አጠገቧ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ግንባሯን በመዳፏ ነካች፣ ከዚያ የእጇን አንጓ ይዛ የደም ትርታዋን አዳመጠች።

«እህቴ፣ በአፍንጫሽ አየር ወደ ውስጥ ሳቢ» አለቻት። «ቀስ ብለሽ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»